የ16ኛውንና የ17ኛውን መቶ ዘመን የጦር ቃላት ሲያስረዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጠመንጃ» ብሎ ማለፍ። ፖርቱጋላዊው አዛዥ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋላውያንን አስከትሎ ምጽዋ ወረደ ሲባል ለአንባቢው የሚታየው ምንሽር ወይም ውጅግራ ነው። ያኔ የተያዘው ግን ከአፈሙዙ የሚጎርስና በሚጨስ ገመድ የሚተኮስ መሣሪያ ነበር። ገመዱ በፖታሲየም ናይትሬት ውሃ ተነክሮ የደረቀ በመሆኑ ነበልባል ሳያወጣ ቀስ እያለ ይነድዳል። ተኳሹ መጀመሪያ ገመዱን ከያዘው መቆንጠጫ ነቅሎ በግራ እጁ ጣቶች መካከል ይይዛል፤ ፍሙ ባሩዱን ካገኘው ራሱንም አጠገቡ የቆመውንም ያቃጥላልና። ከዚያ ባሩድ በአፈሙዙ ያፈሳል፣ የእርሳስ አረር ይጨምራል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ከበርሜሉ ጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደቃቅ ባሩድ ነስንሶ ክዳኗን ይዘጋል። ገመዱን ወደ መቆንጠጫው መልሶ ያስርና ፍሙን እፍ ይልበታል፤ ክዳኗን ከፍቶ ቃታውን ሲስብ ፍሙ ሳህኗ ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ በደቂቃ አንድ ጊዜ የፈጸመ ጎበዝ ነው። ከ100 ሜትር አልፎ አንድን ሰው ነጥሎ መምታት ደግሞ ዕድል ይጠይቃል። ዝናብ ገመዱን ያጠፋዋል፣ በጨለማ ደግሞ ፍሙ ተኳሹ ያለበትን ያሳያል። አንባቢ ይህን ካልተረዳ «ጠመንጃ የያዘ ያሸንፋል» ብሎ ይደመድማል፤ ዳ ጋማ ግን በኦገስት 1542 እ.ኤ.አ. ወፍላ ላይ ተሸንፎ፣ ተማርኮ ተገደለ። ዳ ጋማን የገጠሙት ኢማም አሕመድም ከየመኑ ዘቢድ የኦቶማን ተኳሾች አስመጥተው ነበር።

ተኳሹን «ነፍጠኛ» ማለትም አይመከርም። ቃሉ ለነፍጥ ያዥ ትክክል ነበር፤ የዛሬ አንባቢ ግን የኋላውን ዘመን ፖለቲካ ይሰማበታል።

የአውሮፓ እግረኛ ይይዘው የነበረውን ፓይክን «ጦር» ብሎ መተው ሌላው ስህተት ነው። የእኛ ጦር ይወረወራል፣ ከጋሻም ጋር ይያዛል። ፓይክ ግን ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር ስለሚረዝም በሁለት እጅ ካልሆነ አይያዝም፤ ጋሻ የሚይዝበት እጅ አይተርፍም፣ መወርወርማ የማይታሰብ ነው። ሥራው ተኳሹ እስኪያጎርስ ድረስ ፈረሰኛን ማራቅ ነበር። ስለዚህ ፓይክንና ጠመንጃን ለየብቻ ማስረዳት ሁለቱንም ትርጉም ያሳጣቸዋል። ወደ 1700 ግድም በአፈሙዝ ዙሪያ የሚሰካ ሳንጃ ሲስፋፋ እያንዳንዱ ተኳሽ የራሱ ጦር ኖረው፤ ፓይክም ቀረ።

በክፍልና በማዕረግ ስም ላይ የሚፈጠረው መደናገር ብዙ ነው። የስፔኑ የእግረኛ ክፍል ቴርሲዮ «ክፍለ ጦር» ተብሎ ሲተረጎም አንባቢው ዛሬ የሚያውቀውን ያህል ሠራዊት ያስባል፤ ቴርሲዮ በወረቀት 3,000 ያህል ሰው ሲሆን በሜዳ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስሙን እንዳለ ትተው ቁጥሩን ይጻፉ። በአውሮፓው የ30 ዓመት ጦርነት (1618–1648) ደግሞ ኮሎኔል ማለት በአብዛኛው ሬጅመንቱን በራሱ ገንዘብና በብድር የሚያቋቁም፣ ከደመወዙም ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሜጀር (ሻለቃ) ከሌተና (መቶ አለቃ) ቢበልጥም፣ ሌተና ጄኔራል ከሜጀር ጄኔራል የሚበልጠው ከዚያ ዘመን በመጣ ምክንያት ነው፦ ሌተና ምክትል ማለት ሲሆን፣ ሜጀር ጄኔራል ግን መጀመሪያ «ሳጅን ሜጀር ጄኔራል» ይባል ነበር። «ሳጅን» ወደቀ፣ ደረጃው ግን ባለበት ቀረ።

«ባለ 12 ፓውንድ መድፍ» ሲባል 12 ፓውንድ የሚመዝነው አረሩ ነው። መድፉ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቶን ያልፋል። የፈረንሳይ ፓውንድ 489 ግራም፣ የእንግሊዝ 454 ግራም ስለሆነ የፈረንሳዩ አረር 5.9 ኪሎ፣ የእንግሊዙ 5.4 ኪሎ ግድም ይሆናል። የየትኛው አገር ፓውንድ እንደሆነ ሳይጠቅሱ ወደ ኪሎ አይቀይሩ።

የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከጀመረበት ከ1582 በኋላ ያለ ቀን ሲጽፉም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ የሞተበት የሉትሰን ውጊያ በአንዱ ጽሑፍ ኖቬምበር 6፣ በሌላው ኖቬምበር 16 ቀን 1632 ይባላል። የመጀመሪያው የጁልያን፣ ሁለተኛው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሁለቱም ኅዳር 10 ቀን 1625 ዓ.ም. ይሆናሉ።