ድራይቨሩ አልነሳ ሲል፦ የከርነል ሪሶርስ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ካርድ ተሰክቶ ድራይቨሩ እምቢ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮዱን ወይም ካርዱን ነው። በሊኑክስ ላይ ግን ከዚያ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የሜሞሪ አድሬሱን፣ የአይኦ ፖርቱንና የኢንተራፕት መስመሩን (መሣሪያው ትኩረት የሚጠይቅበትን ምልክት) የሰጠው ለማን ነው? መልሱ ፕሮክ በተባለው ማውጫ ስር ባሉት አዮሜም፣ አዮፖርትስና ኢንተራፕትስ በተባሉ ፋይሎች ውስጥ ይገኛል። አዮሜምን እንደ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆነው ይክፈቱት። አለዚያ አድሬሶቹ ሁሉ ዜሮ ሆነው ይታዩዎታል።

ምልክት፦ ድራይቨሩ ሲጫን «ቢዚ» ይላል፤ የስህተት ቁጥሩ -16 ነው

ድራይቨር የአድሬስ ክልል ከመንካቱ በፊት ከርነሉን ያስፈቅዳል፤ ክልሉ በሌላ ስም ከተያዘ ይከለከላል። አዮሜም ውስጥ አድሬሱን ፈልገው ከጎኑ ያለውን ስም ያንብቡ። የሌላ ድራይቨር ስም ከሆነ የማይፈልጉትን አውርደው በራሱ ተመልሶ እንዳይጫን ብላክሊስት ያድርጉት።

ሞጁሉ (የሚጫንና የሚወርደው የድራይቨሩ ኮድ) አንዴ ተጭኖ፣ ወርዶ፣ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ ግን ሲወርድ ክልሉን አልለቀቀም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የተቀመጠው በሞጁሉ ሜሞሪ ውስጥ ከነበረ፣ ሞጁሉ ከወረደ በኋላ አዮሜምን ማንበብ ብቻውን ከርነሉን ሊጥለው ይችላል። ሪቡት ያድርጉ፣ ከዚያ ኮዱን ያርሙ።

ሎጉ «የኤሲፒአይ ግጭት» የሚል ከሆነ (ኤሲፒአይ ፈርምዌሩና ከርነሉ ስለ ሃርድዌሩ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው፤ ግጭቱ በሙቀት ሴንሰር ቺፖች ላይ የተለመደ ነው) ክልሉን የያዘው ፈርምዌሩ ነው። ከርነሉ ሲነሳ ይህን ጥበቃ የሚያላላ ፓራሜትር አለ፤ እኔ ግን አልመክረውም። ሁለት ወገን አንድ ሬጅስተር ላይ ሲጽፍ ውጤቱ የተሳሳተ ንባብ ወይም ከዚያ የባሰ ነው። ለቦርዱ የተዘጋጀ ድራይቨር ካለ እሱን ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ማሽኑ ሳይጠፋ የተሰካ ካርድ በዝርዝሩ ላይ አለ፣ ግን አይሠራም፤ ሎጉ ለባሩ ቦታ የለም ይላል

በጣም የሚያደክመው ይህኛው ነው። የፒሲአይ መሣሪያ የሚፈልገውን የአድሬስ መጠን የሚናገረው ባር በሚባሉ ሬጅስተሮች ነው፤ አንድ ተራ መሣሪያ እስከ 6 ድረስ አሉት። አድሬሱ የሚሰጠው ግን ከላዩ ካለው ብሪጅ (ካርዱን ከማሽኑ የሚያገናኘው መሣሪያ) መስኮት፣ ማለትም ለብሪጁ ከተመደበው የአድሬስ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። መስኮቶቹ የሚከፋፈሉት ማሽኑ ሲነሳ ስለሆነ ባዶ የነበረ ማስገቢያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሊኑክስ ራሱ ለእንዲህ ያለ ብሪጅ በነባሪ የሚያስቀምጠው የሜሞሪ መስኮት 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ 256 ሜጋባይት የሚጠይቅ ግራፊክስ ካርድ የት ይገባል? መስኮቱን ወደ ጎን ማስፋትም አይቻልም፤ የጎረቤቱ መስኮት ተያይዞ አለ፣ የጎረቤቱም ድራይቨር በሥራ ላይ ነው።

ሪቡት ማድረግ ካልቻሉ፣ በዚያ ብሪጅ ስር ያሉትን ድራይቨሮች ያውርዱ፣ ከሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎችን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ማውጫ) ብሪጁን ራሱን «ሪሙቭ» ያድርጉት፣ ከዚያ «ሪስካን» ይበሉ። ከርነሉ ከዚያ ወደ ታች ያለውን እንደገና ያሰላል። ካርዱን ብቻ አውጥቶ መመለስ የብሪጁን መስኮት ስለማይነካ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም። ሪቡት ከቻሉ «ፒሲአይ=ሪአሎክ» የሚለውን የቡት ፓራሜትር ይጨምሩ፤ ባዮሱ አሳንሶ የሰጣቸውን መስኮቶች ከርነሉ መልሶ እንዲያከፋፍል ይፈቅዳል። ባዮስ ውስጥ ከ4 ጊጋባይት በላይ አድሬስ መስጠትን የሚፈቅድ ምርጫ ካለም ያብሩት። ይህ የሚጠቅመው ግን ባለ 64 ቢት ፕሪፌቸብል (አስቀድሞ ቢነበብ ችግር የማያመጣ) ባሮችን ነው፤ ፕሪፌቸብል ያልሆነው የብሪጅ መስኮት ባለ 32 ቢት ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት በታች መቆየቱ ግድ ነው።

ምልክት፦ መሣሪያው ሲነቀል ወይም ድራይቨሩ ሲወርድ ሲስተሙ ይወድቃል

ከ2007 ጀምሮ ሊኑክስ «ዴቭኤም» የሚል ቅድመ ቅጥያ ያላቸው ፈንክሽኖች አሉት። በእነሱ የተወሰደ ሪሶርስ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ፣ ወይም ጅማሬው ሲከሽፍ፣ በተወሰደበት ቅደም ተከተል ተገላብጦ በራሱ ይለቀቃል። ብዙ ስህተት አስቀርቷል፤ ያልታሰበ አዲስም አምጥቷል።

አንደኛው ኢንተራፕት ላይ ነው። የድራይቨሩ ሪሙቭ ፈንክሽን (ድራይቨሩ ሲላቀቅ የሚጠራው) በፈርን፣ ማለትም የዳታ ማቆያ ሜሞሪውን፣ በእጁ ያጠፋል፣ በዴቭኤም የተያዘው ኢንተራፕት ግን የሚለቀቀው ሪሙቭ ካለቀ በኋላ ነው። በመካከል የሚመጣ ኢንተራፕት የሌለ በፈር ይነካል። ሪሙቭ ውስጥ መጀመሪያ መሣሪያው ኢንተራፕት እንዳይልክ ያድርጉ፣ ወይም በፈሩንም በዴቭኤም ያስይዙት፤ ግማሹን በእጅ ግማሹን በራስ ሰር መተው ነው አደጋው።

ሁለተኛው የተከፈተ ፋይል ነው። ዴቭኤም የሚያውቀው የድራይቨሩንና የመሣሪያውን ትስስር እንጂ ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም አይደለም። መሣሪያው ሲነቀል ሜሞሪው ይለቀቃል፣ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ሲያነብ ከርነሉ ይወድቃል። ፕሮግራም ሊደርስበት የሚችል ስትራክቸር በዴቭኤም አይያዝ፤ የተጠቃሚ ቆጠራ ይኑረው፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲዘጋ ይለቀቅ። ጥርጣሬ ካለዎት ካሳን (የሜሞሪ ስህተትን የሚይዝ የከርነል መሣሪያ) በርቶ የተሠራ ከርነል ላይ ነቅለው ይሞክሩት፤ የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ መስመሩን ይነግርዎታል።

ምልክት፦ ሎጉ ኢንተራፕቱን ማንም አልተቀበለውም ይልና መሣሪያው ይደርቃል

ከ100,000 ኢንተራፕት ውስጥ ከ99,900 በላይ የሚሆነውን «የእኔ ነው» የሚል ድራይቨር ሲጠፋ ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል። መስመሩን የሚጋሩ ካሉ ሁሉም አብረው ይቆማሉ። መሣሪያው ኤምኤስአይ (ኢንተራፕትን በጋራ መስመር ሳይሆን እንደ መልእክት የሚልክበት ዘዴ) ከቻለ ወደዚያ ያዙሩት፤ መጋራቱ ይቀራል።

ምልክት፦ ድራይቨሩ ሲጫን የሚመልሰው ቁጥር -517 ነው

ይህ ስህተት አይደለም። ድራይቨሩ ገና ያልተነሳ ክሎክ ወይም ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ክፍል) እየጠበቀ ነው። ዲበግኤፍኤስ (የከርነሉ የስህተት መፈለጊያ ማውጫ) ውስጥ ያለውን ለኋላ የተላለፉ መሣሪያዎች ዝርዝር ይመልከቱና የሚጠበቀውን ድራይቨር ይጫኑ።