አሜሪካ ውስጥ ለወሲብ ንግድ የተገደደችን ሴት እንዴት እንርዳ?

ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ነው። ስልኳ ሲጠራ ከማንሳቷ በፊት የሰውየውን ፊት ታያለች። «ዕዳሽ ስንት ቀረ?» ስትባል ቁጥሩን አታውቀውም፤ የኪራይ፣ የልብስ፣ የቅጣት እየተባለ በየጊዜው ይጨመርበታላ። እንዲህ ያለች ሴት ማሳጅ ቤት ወይም አፓርታማ ውስጥ ገላዋን እንድትሸጥ ተገድዳለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ቀጥሎ የምታደርጉት ነገር ሊያድናትም ሊያስመታትም ይችላል።

ሰውየውን አታናግሩት፤ ሽማግሌም አትላኩበት። በእኛ ዘንድ ጠብ የሚበርደው በሽምግልና ነው፤ ይህ ግን ወንጀል ነው። ሽማግሌ እንደመጣበት ሰውየው መነቃቱን ያውቃል፤ ሴትየዋንም በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ግዛት ሊወስዳት ይችላል። ገንዘብ አዋጥቶ «ዕዳዋን» መክፈልም አይረዳትም። የሚከፍልላት ሰው እንዳለ ካወቀ ሌላ ዕዳ ይፈጥራል። ቤታችሁ ወስዳችሁ መደበቅም ለእሷም ለልጆቻችሁም አደጋ አለው፤ መጠለያ የሚያገኙላት የሠለጠኑ ሰዎች አሉ።

የምታናግሯት ብቻዋን ስትሆን ነው። በእሷ ስልክ አትደውሉ፣ መልእክትም አትላኩ፤ ስልኩን የገዛላት እሱ ከሆነ ያለችበትን ቦታ ሊያይ፣ የተጻጻፈችውንም ሊያነብ ይችላል። የራሳችሁን ስልክ አቅርቡላት። ጥያቄያችሁ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ይሁን፦ «ብቻሽን ነሽ? መውጣት ትችያለሽ? ፓስፖርትሽ አንቺ ጋ ነው?» ብዙዎቹ «ፈቅጄ ነው የገባሁት» ይላሉ። በፌዴራል ሕግ መጀመሪያ ላይ መስማማቷ ኋላ የተፈጸመባትን ማስገደድ አይሽረውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ መገደዷን ማረጋገጥም አያስፈልግም።

አሁኑኑ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ 911 ይደወላል። ካልሆነ ብሔራዊው የሰው ንግድ መከላከያ መስመር 1-888-373-7888 ነው፤ ነጻ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በ233733 በጽሑፍም ይገኛል። ስማችሁን ሳትናገሩ ለምክር ብቻ መደወል ትችላላችሁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና ጠብቁ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ማኅበረሰባችን ደግሞ ትንሽ ነው። ሴትየዋ ድምፁን ብታውቀው ወይም ብትጠራጠር አፏ ይዘጋል። ሙሉ ስሟንና የምትኖርበትን ሰፈር ለአስተርጓሚው መንገር የለባትም፤ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅም መብቷ ነው። ሆስፒታልም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ ከዚያ ቤት አብሯት የመጣ ሰው በፍጹም አያስተርጉምላት፤ «አጎቷ ነኝ» ቢልም።

ሕክምና በሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። የአስገድዶ መድፈር ማስረጃ የሚሰበሰብበት ምርመራ ነጻ ነው፤ ለፖሊስ ክስ ባታቀርብም ይደረግላታል። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላዋን አትታጠብ። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ እንጂ በፌስታል አትቋጥሩት፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ይይዝና ዲኤንኤውን ያበላሻል።

ወረቀት የሌላት ሴት ትልቁ ፍርሃቷ መባረር ነው፤ የያዛትም በዚሁ ነው። ለዚህ ቲ ቪዛ የሚባል ለሰው ንግድ ተጠቂዎች የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ አለ። በየበጀት ዓመቱ እስከ 5,000 ተጠቂዎች ሊሰጥ ይችላል፤ ለ4 ዓመት ያገለግላል፣ ሥራ ያስፈቅዳል፣ ብዙውን ጊዜም ከ3 ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ማመልከት ያስችላል። ቅጹ አይ 914 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። የፖሊስ ማረጋገጫው ማመልከቻውን ያጠናክረዋል እንጂ ግዴታ አይደለም። ከመርማሪዎች ጋር መተባበር ግን ይጠየቃል፤ ወንጀሉ ሲፈጸምባት ከ18 በታች የነበረች ወይም በደረሰባት የአእምሮ ጉዳት ምክንያት መተባበር የማትችል ስትሆን ይቀርላታል።

ጉዳይ ፎርም ሞይ ቢሮ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ቲ ቪዛ ትቶ፣ የለመደውን የጥገኝነት ታሪክ ጽፎ ያስፈርማታል። በኋላ እውነተኛውን ታሪክ ስትናገር ሁለቱ ቃሎቿ ይጋጫሉ፤ ተዓማኒነቷም ይጠፋል። ስለዚህ ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ያለው ወኪል ሳያያት ምንም አትፈርም። ቀድሞ የገባ ማመልከቻ ካለም ሳትደብቅ ለጠበቃዋ ትንገረው።

ማስረጃ ስትሰበስቡ የቤቱን ፎቶ ለማንሳት አትዙሩ፤ ትነቃላችሁ። የሚጠቅሙት የአውሮፕላን ትኬት፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝና የዛቻ መልእክቶች ናቸው። ስክሪንሾቱ ላይ ቀኑና የላኪው ቁጥር ይታይ፤ እሷ ስልክ ላይም አይቅር።

ሰውየው ዘወትር የሚያስፈራራት አገር ቤት ባለው ቤተሰቧ ነው። እናቷ ጋ ተደውሎ ወይም በቴሌግራም ተልኮ ከሆነ እናትየው አታጥፋው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለችውን ቃል በቃል ትጻፍ። ሴትየዋ በማምለጧ ወይም በመተባበሯ ምክንያት በቀል ያሰጋቸው ወላጆቿና ከ18 በታች ያሉ ያላገቡ ወንድሞችና እህቶቿ በእሷ ቲ ቪዛ በኩል ሊመጡ ይችላሉ፤ ጠበቃው ያን አደጋ ለማሳየት የሚጠቀመው ይህንኑ የእናትየውን ወረቀትና መልእክት ነው።