ጥሬ አትክልት ለሚመገቡ፦ በባሕር ዳር ማዕድ የሚጋራ የፍቅር አጋር አፈላለግ

መጀመሪያ አነጋገርዎን ያስተካክሉ። «እኔ ጥሬ ነው የምበላው» ሲሉ የሰማ ሰው ሐሳቡ ቀጥታ ወደ ጥሬ ሥጋ ይሄዳል፤ እናት አባት ከሰሙት ደግሞ ጥሬ ቆርጥሞ ውሃ የሚጠጣ ባሕታዊ ይመስላቸዋል። አንዱ ሥጋ ቤት ይጋብዝዎታል፣ ሌላው ትዳር እንደማይፈልጉ ይቆጥራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠቅላላውን ይናገሩ፦ «ሥጋና ዓሣ አልበላም። አትክልት፣ ፍራፍሬና በቆልት እሳት ሳይነካው እበላለሁ። እንጀራና ቡናም የለሁበትም።» ዓሣን ለይቶ መጥራት ባሕር ዳር ላይ ግድ ነው፤ «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካሉ የተጠበሰ የጣና ዓሣ ይቀርብልዎታል።

ሙሉ በሙሉ ጥሬ የሚመገብ ሰው ካልሆነ ብለው ከጠበቁ ብዙ ይጠብቃሉ። መንገዱን አጋምሶ የጨረሰ ሰው ይፈልጉ። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን ሳያማርር የሚጾም ሰው ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ መኖርን ያውቀዋል፤ የቀረው እሳቱ ነው። ግን ጾምና አመጋገብ አንድ አይደሉም። በሁዳዴ የተዋወቁት ሰው ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጡን በናፍቆት ይጠብቅ ይሆናል፤ «ከጾም ውጭስ ምን ትበላለህ? ምን ትበያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል። ጠዋት በሐይቁ ዳርቻ የሚሮጡና ብስክሌት የሚነዱ፣ ገበያ ላይ አትክልት መርጠው የሚገዙ ሰዎች ዘንድ ጨዋታ መጀመር ቀላል ነው። በቴሌግራም ከተዋወቁ ግን ቶሎ፣ በቀንና ሰው ባለበት ቦታ ይገናኙ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቡና ቤት አይሆንም። ጁስ ቤት ይሻላል፤ ሆኖም ስፕሪስ ላይ ስኳር መጨመር የተለመደ ነው፣ አቮካዶውም መፍጫው ላይ እንዲዞር ውሃ ወይም ወተት ይገባበታል። ሲያዙ «ያለ ስኳር፣ ያለ ሽሮፕ፣ ያለ ወተት፣ በታሸገ ውሃ፣ ሎሚ ለብቻ» ይበሉ። ከዚያም የሚበልጠው ራስዎ ይዘው ሄደው ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር መቀመጥ ነው። ለሁለት ሰው 2 የበሰለ አቮካዶ፣ 3 ቲማቲም፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ 1 ሎሚ፣ ትንሽ ጨውና 4 ሙዝ ይበቃል። አቮካዶውን በእንጨቱ በኩል በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ትንሽ ከሰጠ ደርሷል፤ ድንጋይ ከሆነ 3 ቀን ቀድመው ገዝተው ከሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ያቆዩት። ቲማቲምና ቃሪያውን ቤት ውስጥ በንጹህ በሚፈስ ውሃ እያሹ ይጠቡ። አቼቶ ብቻውን የአሜባን ዘር ይገድላል ብለው አይተማመኑ፤ የሐይቁ ውሃ ደግሞ ለማጠቢያም ለማለቅለቂያም አይሁን። የሆድ ሕመም የጀመረበት ፍቅር ሁለተኛ ቀጠሮ አያገኝም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ማር ይበላል? ያልፈላ ወተትስ? (ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ስለሚችል እኛ አንመክርም።) ለአንዳንዱ ጥሬ ማለት ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላለፈ ነው፣ ለሌላው 48። «ጥሬ ነኝ» የሚል ሰው በሶ ሲበጠብጥ ቢያዩ አይደነቁ፤ ብዙ ሰው በሶ እሳት ያልነካው ይመስለዋል፣ ገብሱ ግን ተቆልቶ ነው የሚፈጨው። ይህ ውሸት አይደለም፣ በእርጋታ ያስረዱ። ስለ ጓያና ቦሎቄ ግን አይለዝቡ። ጓያ እሸቱም ጥሬውም ሲደጋገም እግር ያሽመደምዳል፤ ጥሬ ቦሎቄ ጥቂቱም ቢሆን ያስመልሳል፣ ቢበቅልም መርዙ አይጠፋም። ሽንብራ ለአንድ ሌሊት ተነክሮ 2 ቀን ቢበቅል ይሻላል። ቫይታሚን ቢ 12 ከአትክልት ስለማይገኝ በኪኒን መውሰድ ግድ ነው፤ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ከእርግዝናው በፊት ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ልጁ ምን ይበላል የሚለውን ሳይነጋገሩ ሽማግሌ መላክ ጠቡን ለአራስ ቤት ማስቀመጥ ነው።

ቤተሰብ ዘንድ ሲሄዱ «ጾም ላይ ነኝ» ወይም «ሐኪም ከልክሎኛል» አይበሉ፤ በበዓል ቀን ይጋለጣል፣ ያኔ የሚያፍረው አጋርዎ ነው። አጋርዎ ለእናቱ ወይም ለእናቷ ቀድሞ ይንገር፣ እርስዎም ፓፓያና ማንጎ ይዘው ይግቡ። ቡናው ሲፈላ ተነስተው አይውጡ፤ ሳይጠጡም ቢሆን እስከ በረካው ይቀመጡ። ጉርሻ የሚያስከፋው እምቢ ሲባል ነውና እርስዎ ይቅደሙ። ሰፊ የሰላጣ ቅጠል ዘርግተው አቮካዶና ቲማቲም ያድርጉበት፣ ሎሚ ጠብ አድርገው ጠቅልለው እማማን ያጉርሱ። የቅጠሉን ወፍራም መሐል አስቀድመው በቢላ ያውጡት፤ ካልወጣ ሲጠቀለል ይሰነጠቅና ሎሚው ነጠላቸው ላይ ይፈስሳል።