ጥርስ ካስተከሉ በኋላ ከንፈርዎ ደንዝዞ ቢቀር ምን ያደርጋሉ?

ጥርስ አስተክለው ቤትዎ ገብተዋል። ከንፈርዎ የሌላ ሰው ከንፈር መስሎዎታል። ማደንዘዣው ገና ስላለ ይሄ ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው። ራት ቀርቦ ሁሉም ሰው ማዕድ ከቦ ተቀምጧል፤ የእርስዎ ግማሽ ከንፈርና አገጭ ግን አሁንም በድን ነው። እንዲህ ሲሆን ከቤተሰቡ አንዱ «ተኛበት፣ ጠዋት ይለቅሃል» ማለቱ አይቀርም። በደግነት የተሰጠ ምክር ነው፤ ግን ይህን ምክር አይስሙ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አጥንቱን በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉት። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ በረዥሙ የሚሄድ ቦይ አለ። በቦዩ የሚያልፈው ነርቭ የታች ጥርሶችን፣ የታችኛውን ከንፈር ግማሽና የአገጭን ስሜት ወደ አንጎል ይወስዳል። ከክራንቻ ጥርስ ቀጥለው ካሉት ሁለት ጥርሶች ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ከአጥንት ወጥቶ ወደ ከንፈር ይበተናል። ጥርስ ለመትከል የሚበሳው ጉድጓድ ከላይ ተነስቶ ወደዚህ ቦይ ነው የሚወርደው። መሰርሰሪያው ከታሰበው ትንሽ ሊያልፍ ይችላል። በጥርስ ሥር ፋንታ አጥንቱ ውስጥ የሚገባው የቲታኒየም ብሎን ቦዩን ሊጫነው ይችላል። ቦዩ ውስጥ ደም ሊቋጠር ወይም አጥንቱ በመሰርሰሪያው ሙቀት ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሰበቡ የማደንዘዣው መርፌ ራሱ ነው። ምላስ የሚደነዝዘው በምላስ በኩል የሚያልፈው ሌላ ነርቭ ሲነካ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። በቦዩ የሚያልፈው ነርቭ ስሜትን እንጂ የከንፈርን እንቅስቃሴ አያዝም። ስለዚህ ከንፈር ይደነዝዛል እንጂ አይጣመምም። አፍዎ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ክንድዎ ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተኮላተፈ ጥርሱን ይተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከምላስ ሥር እብጠት ተነስቶ ምላስዎን ወደ ላይ እየገፋ ከሆነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎትም እንደዚያው። ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃም አይጠብቁ።

መጀመሪያ፦ ሰዓቱን ይያዙ

መርፌ የተወጉበትን ሰዓት ይጻፉ። ከወንበሩ ሳይነሱም የማደንዘዣውን ዓይነት ይጠይቁ። የተለመደው ሊዶኬይን ከንፈርን የሚያደነዝዘው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከተወጉ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ከንፈርዎ መንቃት አለበት ማለት ነው። ቡፒቫኬይን የሚባለው ግን 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። ዓይነቱን ካላወቁ ሲያመሹ መደንገጥ ይኑርብዎ አይኑርብዎ መለየት ይቸግርዎታል።

ሌላም የሚታወስ ነገር አለ። አጥንቱ ሲበሳ ደንዝዘው ሳለ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ድንገት ነዝሮዎት ነበር? ከጉድጓዱ ብዙ ደም ወጥቶ ሐኪሙ ቆም ብሎ ነበር? ከሆነ ይህንንም ይጻፉት።

ቀጥሎ፦ ይደውሉ፣ ያውም ዛሬ

በጽሑፍ መልእክት አይሁን፤ ጥርሱን ወደተከሉልዎት ክሊኒክ በድምፅ ይደውሉ። ለመናገር ከቸገረዎት ይቺን ያንብቡላቸው፦ «ማደንዘዣው የሚለቅበት ሰዓት አልፏል፤ የቀኝ ከንፈሬና አገጬ አልነቃም። ብሎኑ ነርቩን ተጭኖት እንደሆነ በአስቸኳይ በራጅ ይታይልኝ።»

ጥድፊያው ለምን መሰለዎ? ብሎኑ ቦዩ ውስጥ ከገባ ወይም ከተጫነው፣ የዘርፉ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈትቶ ማውጣት ነው። የተጨፈለቀ ነርቭ በቶሎ ጫናው ከተነሳለት የማገገም ዕድሉ ይሻላል። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥንቱ ብሎኑን ገና አልያዘውም፤ እንደገባ ተፈትቶ ይወጣል። ከወራት በኋላ ግን አጥንትና ብሎን ይዋሃዳሉ። ያኔ ለማውጣት አጥንት መቁረጥ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወጥቶም ስሜቱ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው።

ስለዚህ «ስፌቱ ሲወጣ እናየዋለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። አክብረው ግን ጠንከር ብለው በድጋሚ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሚፈለገው ቦዩን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየው ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ምርመራ ነው። ተራው ጠፍጣፋ ራጅ ብሎኑ ከቦዩ በላይ ይሁን በጎኑ አይለይም።

ይህ ማለት የደነዘዘ ሁሉ ብሎኑ ይፈታበት ማለት አይደለም። ምስሉ ላይ ብሎኑ ከቦዩ ርቆ ከታየ ሐኪሙ እብጠት የሚያወርድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀን ስቴሮይድ ሊያዝ ይችላል። ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የጨጓራ ቁስል ያለበትንም ሊጎዳ ይችላል። እባክዎን ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይዋጡት።

የደነዘዘውን ቦታ ካርታ ይሳሉ

ይሄኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ነገሩ ከከረመ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምዎትም እሱ ነው። የሚያስፈልግዎት መስታወት፣ የዓይን ኩል ማቅለሚያ እርሳስ፣ ትንሽ ጥጥ፣ አንድ ስቴኪኒና የሚረዳዎት ሰው ነው።

ዓይንዎን ይጨፍኑ። ረዳትዎ ጥጡን ከጤነኛው ቆዳ አስነስቶ ወደ ደነዘዘው ቀስ እያለ ያምጣው። ስሜቱ በሚቀየርበት ቦታ «እዚህ!» ይበሉ፤ እሱ ነጥብ ያድርግበት። ከየአቅጣጫው ይድገሙት፤ ከዚያ ነጥቦቹን ያገናኟቸው። አገጭዎ ላይ አንዲት ደሴት ትወጣለች። ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁና ፎቶ አንሷት። ቀኑ ፎቶው ላይ ይታይ።

በደሴቷ ውስጥ ሦስት ነገር ይሞክሩ። ጥጥ ሲነካዎት ይታወቅዎታል? ስቴኪኒው በስሱ ሲነካዎት ሹልነቱ ይለያል ወይስ እንደ ጣት ይመስላል? ጥጡ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንደተጎተተ መናገር ይችላሉ? እያንዳንዱን 10 ጊዜ ሞክረው ስንቱን በትክክል እንዳወቁ ይጻፉ። በሌላኛው ጤነኛ ጎንም ይድገሙት፤ ማወዳደሪያ ይሆናል። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው እጅ ይሥሩት። ደሴቷ ከጠበበች ጥሩ ወሬ ነው። ወር ሙሉ ባለችበት ከቀረች ደግሞ ሐኪምዎ ማየት ያለበት ማስረጃ እጅዎ ላይ አለ። «ትንሽ የተሻለኝ ይመስለኛል» ብሎ ከመናገር ይኸኛው ስንት ጊዜ ይበልጣል።

ስሜቱን በስሙ ይጥሩት

እዚህ ላይ ቋንቋችን ያግዘናል። ደነዘዘ ማለት አንድ ነገር ነው። ወረረኝ፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል ማለት ሌላ ነው። ነዘረኝ፣ ለበለበኝ፣ ቆጠቆጠኝ፣ ጠዘጠዘኝ የሚሉት ደግሞ ሕመም ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ሕመም አይደሉም። ለሐኪም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የደነዘዘው ቦታ ከሳምንታት በኋላ መውረር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ነርቩ መመለስ የመጀመሩ ምልክት ነው። ንፋስ ወይም የትራስ ጨርቅ ሲነካው የሚለበልብ ከሆነ ግን ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ የተለየ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ውጭ አገር ከሆኑና የሚታከሙት በሌላ ቋንቋ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቃል ደነዘዘ ብለው አያስተርጉሙ። እያንዳንዱን ስሜት ለየብቻው፣ በምሳሌ ያስረዱ።

መጠበቅ እስከ መቼ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን በ1943 እ.ኤ.አ. የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፍሎት ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። በቀላሉ ዓይነት ጉዳት ነርቩ ሳይበጠስ ደንግጦ ይቆማል፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ይነቃል። በመካከለኛው ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፣ መሸፈኛቸው ግን ይተርፋል። ክሮቹ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እየበቀሉ ስለሚመለሱ ወራት ይፈጃል። በከባዱ ነርቩ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በተግባር 3 ወርን እንደ መንገድ መለያያ ይያዙት። እስከዚያ ካርታዎ ምንም ካልተቀየረ ነርቭ በማይክሮስኮፕ የሚጠግን ቀዶ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ። ዓመት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥገና ውጤቱ ይደክማል።

ሕመም ካለ እስከዚያም አይጠብቁ። የነርቭ ሕመም ለተራ ማስታገሻ እምብዛም አይበገርም። ሐኪሞች የሚያዙት እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያሉትን ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጡ መኪና የሚነዱ ሰዎች ይጠንቀቁ።

እስኪነቃ ድረስ

ከጀበና የወረደ ቡና ይጠብቅልዎ። የደነዘዘ ከንፈር መቃጠሉን አይነግርዎትም፤ ስኒውን በጤነኛው ጎን ያስጠጉ። ሲበሉ መስታወት ወይም የሚነግርዎት ወዳጅ ከአጠገብዎ ይኑር፤ የሽሮ ጠብታ አገጭ ላይ ቀርቶ እንግዳ ፊት መሳቀቅ የሚያበሳጭ ነገር ነው። ጢም የሚላጩ በምላጭ ፋንታ ማሽን ይጠቀሙ።

በሙቅ ፎጣ መተኮስም ሆነ መታሸት ነርቩን አያድነውም፤ ቆዳውን ግን ሊያቃጥል ይችላል። ቫይታሚን ቢንም ሰው ሁሉ ይመክራል። በልክ ከሆነ ግድ የለም። ነገር ግን ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ የነርቭ መድኃኒት ነው ተብሎ ነርቭ መጉዳቱ ይገርማል።

ገና ካላስተከሉ

ከላይ የተባለው ሁሉ ከመሆኑ በፊት ቢጠየቅ የሚሻል ነገር አለ። በታችኛው መንጋጋ በኋለኛው ክፍል የሚያስተክሉ ከሆነ ሐኪሙ ቦዩን በምስል ያሳይዎት። በብሎኑ ጫፍና በቦዩ መሃል ቢያንስ 2 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። አጥንቱ ካልበቃ አጭር ብሎን ወይም ሌላ ዓይነት ጥርስ ይመክርዎት ይሆናል፤ ይህን የሚልዎትን ሐኪም ያክብሩት።

ለእረፍት አገር ቤት ገብተው ወይም ወደ ሌላ አገር ተጉዘው የሚያስተክሉ ሰዎች ደግሞ ቀጠሮውን የመመለሻ ቲኬታቸው ዋዜማ ላይ አያድርጉት። ካስተከሉ በኋላ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይኑራቸው። ሲመለሱ የምስሉን ፋይል፣ የብሎኑን ስም፣ ርዝመትና ውፍረት በጽሑፍ ይያዙ። የየፋብሪካው ብሎን የሚፈታበት መሣሪያ ይለያያል፤ ስሙን ካላወቀ ሌላ ሐኪም ሊፈታልዎት ቢፈልግም ይቸገራል።

ክሊኒኩን ከመልቀቅዎ በፊትም ይቺን ይጠይቁ፦ «ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ብደውል ስልኩን ማን ያነሳል?»