ነባር የሕዝብ ሕንፃ ሲስፋፋ በሳይት ዲዛይን ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሲጠብ አጠገቡ አዲስ ክፍል ይጨመርበታል። ሥራው ባዶ መሬት ላይ ከመገንባት የቀለለ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ይከብዳል። ቦታው ቀድሞ ተነክቷል፤ ከመሬት በላይም በታችም ያለው ነገር ሁሉ ዲዛይኑን ይገድበዋል።

የመጀመሪያው ስህተት የድሮውን ፕላን ማመን ነው። ከግንባታው በኋላ ሳይመዘገብ የተቀበረ ቧንቧና ኬብል ፕላኑ ላይ አይገኝም። ቀያሽ እንደገና ገብቶ የነባሩን ወለል፣ የማንሆል (የፍሳሽ መስመር መፈተሻ ጉድጓድ) ክዳኖችንና የቧንቧዎቹን የታች ከፍታ ከአንድ መነሻ ነጥብ ይለካ። በሚያጠራጥር ቦታ ደግሞ በእጅ መሞከሪያ ጉድጓድ ይቆፈር።

አብልጬ የምፈራው በነባሩ መሠረት አጠገብ በግድየለሽነት መቆፈርን ነው። ከመሠረቱ የታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ የሚወርድ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። አዲሱ ቁፋሮ ያንን መስመር አቋርጦ ከገባ፣ ሰው የሚገለገልበትን ሕንፃ ከያዘው አፈር ላይ እየቀነሳችሁ ነው። የአዲሱን መሠረት ማራቅ ወይም ከነባሩ ጥልቀት ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ ሁለቱም ካልሆኑ በአጭር በአጭሩ እየቆፈሩ ነባሩን ከሥር መደገፍ ግድ ነው። ነባሩ ለዓመታት በአፈሩ ላይ ተደላድሏል፤ አዲሱ ግን ገና ይሰምጣል። ሁለቱን አጥብቆ ማሰር ግድግዳ ያሰነጥቃል። በመካከላቸው መለያያ ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱን የሚያቋርጡ ቧንቧዎችም ተጣጣፊ መጋጠሚያ ይኑራቸው።

የዝናብ ውኃ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ጉዳይ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ በ1,000 ካሬ ሜትር ሣር ላይ ቢወርድና ሩብ ያህሉ ቢፈስ፣ በሰከንድ 4 ሊትር ገደማ ነው። በዚያው ስፋት ላይ ጣሪያና አስፋልት ሲተካ 90 ከመቶው ይፈሳል፤ 15 ሊትር ማለት ነው። ለ4 ሊትር የተሠራው አሮጌ ቦይ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ውኃውን ለጊዜው ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ኩሬ ወይም ታንክ ቦታው ገና ሳይሸነሸን ይታሰብለት። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈርም በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

የወለል ከፍታን ከመግቢያው ለይቶ መወሰንም የተለመደ ስህተት ነው። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ከ1 ለ12 (በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ) በላይ መቆም የለበትም፤ በዚህ ልክ የ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ 7.2 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ከላይና ከታች ያለው ማረፊያ ሳይቆጠር። ቦታ ከጠፋ በኋላ የሚቀጠለው መወጣጫ ለሚገፋውም ለሚገፋለትም ሥቃይ ነው።

የፍሳሽ መስመሩ አዲሱን ሕንፃ በራሱ ተዳፋት መቀበሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 40 ሜትር ቧንቧ በ1 ከመቶ ሲያዘቀዝቅ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የነባሩ ማንሆል የታች ከፍታ ቧንቧው ወርዶ ከሚደርስበት በላይ ከሆነ ወለሉን ማንሣት ወይም ፓምፕ ማስገባት ይመጣል።

በመጨረሻም ግንባታው ሲካሄድ ሕንፃው ክፍት መሆኑን አትርሱ። የእሳት አደጋ መኪና መግቢያና የሰዎች መውጫ በየምዕራፉ የት እንደሚሆን በሳይት ፕላኑ ላይ ይሣል፤ አሸዋና ብረት የሚራገፍበት ቦታም ከዚያ ውጭ ይሁን።