የግሪንላንድ ጠረፍ ጨው አልባ ውሃ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣበትን መንገድ በሳፋ ማሳየት

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገና ከበሬሳ ወንዝ የሚሰፋ ውሃ ላላየ ተማሪ የዋልታ ጠረፍ ጅረትን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ሰፊ ነጭ ሳፋ፣ ጨውና የቀይ ሥር ውሃ ግን ሥራውን ያቀልላሉ።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይሟሟል፤ ይህም ከውቅያኖስ አማካይ ጨዋማነት ጋር ይቀራረባል። ያልተጣራ ጨው አፈር ስለማያጣው በነጠላ ቁራጭ ማጥለል ይገባል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ቀጥኖ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ለብ ካለ የተንሳፈፈው በሙቀቱ ይሁን ጨው ስለሌለው መለየት አይቻልም።

ከዚያ ማንኪያ ከውሃው ገጽ ጋር አስነክቶ ቀዩን ውሃ በላዩ በቀስታ ማንጠባጠብ ነው። ቀላል ስለሆነ ከላይ ይነጠፋል፤ ወደ መሃልም ያለ ከልካይ ይስፋፋል። ትምህርቱን እዚህ ላይ ማቆም ግን ስሕተት ይመስለኛል፤ እውነተኛው ጅረት እንዲህ በቀላሉ ከጠረፉ አይለቅም።

ሳፋው በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ በዝግታ ይዙር፤ ውሃውም አብሮ እስኪዞር ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። አሁን በግድግዳው አጠገብ የሚንጠባጠበው ቀይ ውሃ ወደ መሃል ከመሄድ ይልቅ ግድግዳውን በቀኙ ይዞ ይጓዛል። ምድር ስለምትዞር በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሚንቀሳቀስ ውሃ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከአርክቲክ፣ በግሪንላንድና በስቫልባርድ ደሴቶች መካከል ባለው በፍራም ሰርጥ የሚወርደው ጨው ያነሰው ውሃም የግሪንላንድን ምሥራቃዊ ጠረፍ በቀኙ ይዞ እስከ ደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ የሚዘልቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዟሪው እጅ ካልተንቀጠቀጠ የቀዩ ጠርዝ ቀስ በቀስ መወላገድ ይጀምራል፤ ትንንሽ አዙሪቶችም ከእሱ እየተቆረጡ ወደ መሃል ይሄዳሉ። ከምዕራብ ግሪንላንድ ጠረፍ በግሪንላንድና በካናዳ መካከል ወዳለው ላብራዶር ባሕር መሃል ጨው አልባውን ውሃ ከሚያወጡት መካከል እንዲህ ያሉ አዙሪቶች ይገኛሉ፤ እነሱ ግን በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለኩ ናቸው። ሌላው ነፋስ ነው፦ በምሥራቁ ጠረፍ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ ጠረፉ ይገፋዋል፤ ሲዳከም ወይም ሲገለበጥ ውሃው ወደ ውጭ ይሰራጫል። ይህን በእጅ ማራገቢያ ለማሳየት ሞክሬ ውሃውን ከማማሰል በቀር አልተሳካልኝም፤ በሥዕል ማስረዳት ይሻላል።

ቀላሉ ውሃ ከላይ መቅረቱ ለምን እንደሚያሳስብ ለጠየቀ፣ ከቀይ ሥሩ ውሃ የተሠራ በረዶ ጨዋማ ውሃና የቧንቧ ውሃ ባለባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ይግባ። በቧንቧው ውሃ ቀዝቃዛው ቅላጭ እንደ ቀይ ክር ወደ ታች ይወርዳል፤ በጨዋማው ግን ቅዝቃዜው ሳያሰምጠው ከላይ ተነጥፎ ይቀራል። ሥጋቱም ይኸው ነው፤ በባሕሩም ቀላሉ ውሃ ከላይ ሲነጠፍ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ወደ ታች እንዳይሰምጥ ሊያግድ ይችላል።