መድኃኒቱ ፈረሰ ወይስ ቀጠነ?

የዋጥነው ክኒን ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ ፍሳሽ ማጣሪያውንም አልፎ ወንዝ ይገባል። በሊትር የሚገኘው ናኖግራም ነው፤ አንድ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ናት። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያ ውሃውን ትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ ይለቃል። ከዚያ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ መድኃኒቱ ምን ይሆናል? ማጥናት ከፈለጋችሁ በእኔ አካሄድ ሞክሩት።

መጀመሪያ የወንዙን ዳር በእግር ውረዱ። ከሰፈር የሚገባ ቦይ ስሌቱን ያበላሻል። ገባር የሌለበት ቦታ ምረጡ። አቃቂ ላይ ይሄ ከባድ ነው፤ ካጣችሁ እያንዳንዱን ገባር ለብቻው ለኩ።

ቀጥሎ ያንኑ ውሃ ተከተሉ። ላይና ታች በአንድ ሰዓት የሚቀዳ ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ዋጋ የለውም። የጠዋትና የቀትር ፍሳሽ ለየቅል ናቸው። ወንዙ ትንሽ ከሆነ ጨው በባልዲ በጥብጡና ባንዴ ድፉት። ታች ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካ፣ ጨው ሲመጣ ቁጥሩ የሚጨምር መሣሪያ) የያዘ ሰው ይቁም። ቁጥሩ ጣሪያ እስኪነካ የፈጀው ጊዜ የውሃው ጉዞ ነው። የታችኛውን ናሙና ያን ያህል ቆይታችሁ ቅዱ።

ጠርሙሱ ቡናማ መስታወት ይሁን፤ በረዶ ውስጥ አስቀምጡት፣ በዚያው ቀን አጣሩት። ካፌይን የምትለኩ ከሆነ ወንዝ ዳር ቡና የሚባል ነገር የለም! ጓንት አድርጉ። ንጹህ ውሃ የያዘ ጠርሙስም እዚያው ከፍታችሁ ዝጉ፤ ከእናንተ የመጣ ብክለት ካለ ያጋልጣል።

አሁን ዋናው ነገር። መጠኑ ስለቀነሰ ፈረሰ አትበሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ወንዝ ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም፤ ማነጻጸሪያ አድርጉት። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ከ800 ወደ 400፣ ካርባማዜፒን ከ400 ወደ 200 ናኖግራም ቢወርድ ውሃው ቀጠነ እንጂ የፈረሰ የለም። ካርባማዜፒኑ ያው 200 ሆኖ ዳይክሎፌናክም 200 ቢደርስ ግን ግማሹ በእርግጥ ጠፍቷል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም ለማነጻጸሪያ ያገለግላል፤ ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ግን አትመኑት፣ እዚያ ጨው እንደጉድ ነው የሚለቀቀው።

ምን አጠፋው? የወንዙን ውሃ በሁለት የኳርትዝ ቱቦ ሙሉ፤ ተራ መስታወት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር በከፊል ይከለክላል። አንዱን በፎይል ጠቅልሉና ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ዳይክሎፌናክ ባልተሸፈነው ውስጥ ይቀንሳል። አይቡፕሮፌንን በብዛት የሚበላው ባክቴሪያ ነው። ለእሱ ከወንዙ ወለል ደለል ጨምሩ፣ ጨለማ ውስጥ አቆዩት፣ ጎኑም ደለሉ በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ባክቴሪያ በሚገድል ማሽን) የተቀቀለ ሌላ ጠርሙስ አኑሩ። በተቀቀለው ውስጥም ከቀነሰ፣ ያ የባክቴሪያ ሥራ አይደለም፤ ደለሉ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።